አርባ ኪሎ የመዘነው ማጭድ

ትንሽ የሚመስል ዕቃ ብድግ አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁ ከገመተው በላይ እጃችሁ ላይ ከብዶባችሁ ያውቃል? የድሮ ቁልፍ ሊሆን ይችላል፣ ወይም መዳፍ የማትሞላ የብረት ቁራጭ። ዓይን አንድ ነገር ይገምታል፣ ክንድ ሌላ ያገኛል፤ ሰውም ለአፍታ ክው ይላል። እኔ ባለፈው ሐሙስ እዚህ እስራኤል፣ በኔታንያ ከተማ ገበያ እንዲህ ሆንኩ። ቢላ የሚስለው ሰውዬ ድንጋዩን እያዞረ ብልጭታ ሲያስነሳ፣ የጋለው ብረት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እግሬን ያዘው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከቢላዎቹና ከመቀሶቹ መሐል፣ አንድ አሮጌ ማጭድ ተጋድሟል። አነሳሁት። ቢበዛ ሦስት መቶ ግራም ነው። ክንዴ ላይ ግን አርባ ኪሎ ሆኖ ተሰማኝ። ለምን ሠላሳ ዘጠኝ ወይም አርባ አንድ ሳይሆን ልክ አርባ እንደሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። መምህር ነኝና ሳላስረዳ መተው አይሆንልኝም።

ያን ጊዜ ጸጉሬ ጥቁር፣ ሸሚዜ በሚገባ የተተኮሰ፣ ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ የሚገኝ ወጣት መምህር ነበርኩ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። እኔ በልጅነቴ ቀደም ብዬ በሱዳን በኩል መጥቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። በኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ቤተሰቦች ደግሞ ጊዜያዊ መጠለያ ከነበረው ካራቫን እየወጡ ቤት ማግኘት የጀመሩበት ጊዜ ነበር። ሰፈራችን ነቬ ኢታማር ያሉት ሕንፃዎች ደረጃ ያኔ የራሱ ዜማ ነበረው። ከላይኛው ፎቅ ብዙ ጊዜ ከመገልበጡ የተነሣ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው የሚመስል የአማርኛ ካሴት ይሰማል፤ ከታች ደግሞ የዕብራይስጥ ዜና። ልጃገረዶቹ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ የላስቲክ ጫማ ያደርጋሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ሲንቀሳቀሱ የሚንሿሿ የናይለን ጃኬት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሊዘጋ ሲል ሻጮቹ ይጮሃሉ፣ የቲማቲሙ ዋጋ ወደ አንድ ሰቅል ይወርዳል፣ ሰዉም ሁሉ ያን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። ከጎረቤታችን ከቴል ሞንድ በኩል ነፋስ ሲመጣ የብርቱካን አበባ ሽታ ይዞ ይመጣ ነበር። ዛሬ እዚያ የብርቱካን ዛፍ በቆመበት ሁሉ ቤት ቆሟል። ያኔ ግን ዛፉም ሽታውም ነበረ።

በአንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ የሰማሁት ነገር ነበር እንቅልፍ ያሳጣኝ። አገር እንደ ቤት ሊመዘን ይችላል። እንዴት? ቀላል ነው። መጀመሪያ አገሪቱ በዓመት ውስጥ ከገዛ ምድሯ ያወጣችውን ሁሉ ትደምራላችሁ፦ የተፈለጠውን ድንጋይ፣ የተዛቀውን አሸዋ፣ የታጨደውን እህል፣ የተለቀመውን ፍሬ። በመርከብ የገባውን ትጨምራላችሁ፦ ስንዴውን፣ ነዳጁን፣ እንጨቱን፣ ብረቱን። በመርከብ የወጣውን ደግሞ ትቀንሳላችሁ። የቀረው አገሪቱ የተጠቀመችበት ነው። ከፊሉ ሕንፃ ሆኖ ይቆማል፣ ከፊሉ ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ ከፊሉ ቆሻሻ ይሆናል። ሁሉም በአንድ ቋንቋ፣ በክብደት ብቻ! ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው እንደ ማር ነበር። ስለዚህ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ሰብስቤ፣ «እያንዳንዱ ቤት አገር ነው፤ በሩ ወደቡ ነው» አልኳቸው። ማሕበሬት፣ ማለትም ደብተር፣ አስያዝኳቸው። ሦስት ዓምድ አሰመርኳቸው፦ ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ። ከገበያ እስከ አምስት ኪሎ የሚመዝኑ አራት የወጥ ቤት ሚዛኖች ገዝቼ በየደረጃው በተራ እንዲዞሩ አደረግሁ። ለአንድ ሳምንት በበሩ የሚያልፍ ሁሉ ይመዘናል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ካለው ሁሉ የቆየውን አንድ ዕቃ መርጦ ክብደቱን ይጽፋል።

ሰፈሩ ጉድ አለ። አንዲት ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሴትዮ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«አንተ መምህር፣ የቆሻሻዬ ክብደት ምን ያደርግልሃል? ልትወስደው ነው?»

«አይ እማማ፣ ልጆቹ ሊማሩበት ነው።»

«እንግዲያው ተሸክመህ ውረድና አስተምርበት!» ብለው ከረጢቱን አስታቀፉኝ። ተሸክሜ ወረድኩ። ስድስት ኪሎ ከግማሽ ነበር፤ በሁለት ዙር መዘንኩት።

አሁን ወደ ማሬ ልምጣ። ማሬ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷና ከአያቷ ከአባ ተሰማ ጋር ትኖራለች። እናቷ ከተማ መሐል ባለ የአልማዝ መሞረጃ ቤት ወለል ታጸዳለች። ልጅቷ ዝምተኛ ናት። ሦስት ፈተና ተፈትና ሦስቱንም ወድቃለች። ፈተናው በዕብራይስጥ የተጻፈ፣ ጥያቄው ስለማታውቀው ነገር፤ ግን ወድቃለች። ስሟም ቫዓዳው ፊት እንዲቀርብ ተወሰነ። ቫዓዳ ማለት ኮሚቴ ነው፤ የሚቀጥለው እሑድ፣ እዚህ አገር የሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነውና፣ ተሰብስቦ ማሬ ከእኛ ጋር ትቆይ ወይስ ሌላ ትምህርት ቤት ወዳለ ልዩ ክፍል ትዛወር የሚለውን ይቆርጣል። ወደዚያ ክፍል የሄደ ልጅ ሲመለስ እኔ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ተስፋዬን በዚያች ደብተር ላይ ጣልኩ። አንዴ ሠርታ ብታሳይ፣ ደብተሩን ይዤ እሟገትላታለሁ አልኩ።

ደብተሩ መጣ። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቆሻሻው፣ ሁሉም በየዓምዱ፣ እንደ ጥልፍ ጥንቅቅ ብሎ። ልቤ ዘለለ። መጨረሻው መስመር ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ ማጭድ፣ አርባ ኪሎ።

ጠረጴዛዬ አጠገብ ጠራኋት።

«ማሬ፣ ይህን ማጭድ መዝነሽዋል?»

ራሷን ነቀነቀች።

«አርባ ኪሎ?»

ነቀነቀች።

«ማጭድ? አርባ ኪሎ?»

ከኋላ አንዱ፣ «ሞሬ፣ ዝሆን ነው የሚያጭዱበት!» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሞሬ የሚሉት እኔን ነው፤ በዕብራይስጥ መምህር ማለት ነው። ማሬ የላስቲክ ጫማዋን እያየች ዝም አለች። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ዝም። እኔም ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ፤ መስመሩ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረግሁና ከጎኑ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «ግራምን ከኪሎ አልለየችም» ብዬ ጻፍኩ። ስህተት ሳይታረም እንዲያልፍ የሚፈቅድ መምህር አልነበርኩም። በዚያው ቀን ርዕሰ መምህሯ ስማቸው ቫዓዳው ፊት የሚቀርቡትን ልጆች ደብተር ሰበሰቡ። የማሬንም ሰጠኋቸው። ቀዩን መስመር አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ገበያው ሊዘጋ ሲል፣ የብርቱካን ሻጩ አጠገብ አባ ተሰማን አገኘኋቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ፣ ከጋቢያቸው ላይ ሰው የሰጣቸውን ኮት የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። ገና ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«መምህር! ሰላም ዋልህ? ማጭዳችንን እንዴት አየኸው?»

አፈርኩ። «አባ ተሰማ፣ ማሬ ትንሽ ተሳስታለች። ማጭድ አርባ ኪሎ አይመዝንም።»

የያዙትን ብርቱካን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ ክንዴን ያዙና ከባዶ ሳጥኖቹ ኋላ ወሰዱኝ። ከእኛ ሰው የሚሰማ መኖር አለመኖሩን ግራ ቀኝ ቃኙ።

«ማን ሠራው ብለህ ጠየቅሃት?»

«አልጠየቅሁም።»

«ብትጠይቃትም አትነግርህም። አትናገሪ ያልኋት እኔ ነኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። አገር ቤት ብረት ቀጥቃጭ ነበርሁ። ታውቀው የለ፣ ቀን ማረሻችንን የሚገዛን ጎረቤት ማታ ጅብ ይለን ነበር። ዓይናቸው ሰው ይበላል እያለ ልጁን ይሸፍንብናል። እዚህ አገር ስመጣ ያችን አንዲት ማጭድ በጋቢዬ ጠቅልዬ አመጣሁ፤ ስሙን ግን እዚያው ጣልሁት።»

«ገባኝ፣ አባ። አርባ ኪሎው ግን?»

አሁን ሳቁ። «ሚዛንህ ደግ ናት፤ ግን የምትመዝነው የተረፈውን ነው። የተበላውንስ ማን ይመዝነው? ያ ብረት ከገበያ የተገዛ አይደለም፤ አባቴ ከተራራ ቆፍሮ ያወጣው ነው። እኔ ወናፍ እነፋ ነበር። አንድ ቁና ቀይ አፈር ገባ። ከሰሉ ደግሞ ከአንድ ሸክም የግራር እንጨት ወጣ። ያ ሁሉ ገብቶ በመጨረሻ የወጣው ጡጫ የምታህል ነገር ናት። እሷም ስትቀጠቀጥ እየተቀረፈች ግማሿ ሄደች። የቀረችው ማጭድ ሆነች። ልጂቱ፣ ‹ከሁሉ የቆየ ዕቃ መዝኑ ተብለናል› ስትለኝ፣ ‹እንግዲያው የበላችውን መዝኚ› አልኋት።»

«ሸክምና ቁና ነው የነገሯት እንግዲህ። በኪሎ ማን ቀየረው?»

«ማን ይሆናል? እሷ ናት እንጂ! የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ውኃ እየሞላች፣ ከረጢት ውስጥ እየከተተች ጀርባዬ ላይ ጫነችኝ። ‹ይህን ያህላል ወይ?› ‹ጨምሪ።› ‹አሁንስ?› ‹ጨምሪ።› ትከሻዬ የግራሩን ሸክም አይረሳውም። ልክ ሲሆን ‹ይብቃሽ› አልኋት። አወረደችና ያችን ሚዛንህን ጭና፣ እየከፈለች ሰባት ጊዜ መዘነች። ሰባቱም ጊዜ እስከ ጫፍ። ቁናውን ደግሞ በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ሰፈረችው፤ አንድ ጊዜ፣ እስከ ጫፍ።»

ሰባት ጊዜ አምስት ሠላሳ አምስት። አምስት ሲጨመር አርባ። ገበያው መሐል ቆሜ ደመርኩት። ኪሴ ውስጥ ያለው ቀይ እስክሪብቶ ፍም ሆነብኝ። ሥልጠናው ላይ የነገሩን ሰዎች ይህንኑ ብለው ነበር፦ ከባዱ ነገር ሚዛን ላይ የሚወጣው ሳይሆን ተራራው ላይ የቀረው ነው ብለው። እኔ ግን በሦስት ዓምዴ ስኮራ ያን ረስቼው ነበር። አንዲት ልጅ በአምስት ኪሎ ሚዛን፣ ሥልሳ ዓመት ያለፈውን የግራር ሸክም መዘነች፤ እኔ ደግሞ ኤክስ አደረግሁበት።

«አባ ተሰማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ደብተሩን ሰጥቻለሁ። እሑድ ጠዋት ቫዓዳው ይቀመጣል፤ ማሬን ከእኛ ሊወስዷት ነው። ማን እንደሠራው ካልተነገረ ቁጥሩን ማስረዳት አልችልም።»

«ያን ስም ተመልሼ ልሸከመው?»

ሻጩ «ሊዘጋ ነው፣ ሊዘጋ ነው» እያለ ይጮሃል። አባ ተሰማ ብርቱካኑን ቀስ ብለው ሳጥኑ ውስጥ መለሱ።

«እሑድ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

እሑድ በሦስት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ማጭዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ብብታቸው ሥር። ዘበኛው ገለጥ አድርጎ ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ። ማጭድ ይዞ ትምህርት ቤት መግባት አይቻልም። ለመንኩት። በመጨረሻ በዕብራይስጥ፣ «እኔ እይዘዋለሁ፣ ስትጨርሱ እመልሳለሁ» አለና ማጭዱን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ፊት ፊታችን እየሄደ ስብሰባው ክፍል ድረስ አደረሰን። ማሬ ከአያቷ ኋላ ነበረች።

ክፍሉ ውስጥ ርዕሰ መምህሯና አንዲት አማካሪ ተቀምጠዋል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀዩ ኤክሴ ወደ ላይ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። «ይህ ስህተት የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም» አልኩ። ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማጭድ አርባ ኪሎ እንደሚመዝን ማን ነገራት ታዲያ?»

ጥያቄውን ለአባ ተሰማ ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ወደ ማሬ አዩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ተነሡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። አባቴም ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ይህን የሠራሁት በዚህ እጄ ነው።»

ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ ተረጎምኩት፤ ኮሪደሩም እንዲሰማ። ከዚያ ስለ ሸክሙ፣ ስለ ቁናው፣ ስለ ውኃ ጠርሙሶቹ አስረዳሁ። አማካሪዋ ደብተሩን ስባ ቁጥሮቹን ተከተለች። ከዚያ ወደ ማሬ ዞረች፤ በእውነት በጥያቄ ልታጠምዳት የፈለገች ይመስለኛል።

«ማጭዱ ራሱስ? የእሱን ክብደት ለምን አልጨመርሽውም?»

እኔም ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ማሬ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብላ፣ መሬት እያየች መለሰች።

«ማጭዱ ከአፈሩ ውስጥ ነው የወጣው። አፈሩን አንዴ ጽፌዋለሁ። ማጭዱንም ብጽፈው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ ማለት ነው፤ ውሸት ይሆናል።»

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ላቋርጥና ላስረዳ፦ አገርን የሚመዝኑ ሰዎች ዋና ሕጋቸው ይህ ነው። ስንዴውን ከቆጠርክ ከእርሱ የተፈጨውን ዱቄት መልሰህ አትቆጥርም። ሥልጠናው ላይ ይህን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸዋል። ማሬ ሞቅ ሲላት ቀና አለችና የአማካሪዋን ጣት አየች።

«የእርስዎ የአልማዝ ቀለበት ግን ከማጭዳችን ይከብዳል» አለች። «እናቴ የአልማዝ ቤት ነው የምታጸዳው። ለአንዲት ጠጠር ብዙ መሬት ይቆፈራል ይላሉ። ስንት እንደሆነ አላወቅሁም። ቢያውቁት ልጽፈው እችላለሁ።»

አማካሪዋ ሳታስበው ቀለበቷን በሌላው እጇ ሸፈነች። ከዚያ ሳቀች፤ ፊቷ ቀልቶ ሳቀች። ርዕሰ መምህሯ እርሳስ አነሱ፤ ከሚዛወሩት ልጆች ዝርዝር ላይ አንድ ስም ሠረዙ።

«ምን አሉ?» አሉ አባ ተሰማ።

«ማሬ እኛ ጋ ትቆያለች አሉ።»

«እኮ! ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ደረጃ ያስወጣችሁኝ?» አሉና ማጭዳቸውን ከዘበኛው ተቀበሉ። በጋዜጣ አልጠቀለሉትም። እንዲሁ፣ ፀሐይ እያበራበት፣ በነቬ ኢታማር አደባባይ ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ አራተኛ ዓምድ አሰመርኩ፤ ስሙንም «የበላው» አልኩት። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሲመለሱ ደረጃው ሁሉ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ የተዉትን ሙያ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ሸማኔ ነበሩ፤ ሌላው እንጨት ጠራቢ። ቆሻሻ ያሸከሙኝ የሦስተኛ ፎቅ ሴትዮ ሸክላ ሠሪ ሆነው ተገኙ። «አንድ ማድጋ ስንት ሸክም ኩበትና እንጨት እንደሚበላ የሚያውቅ አለ?» እያሉ ከላይ እስከ ታች ሲጣሩ ዋሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ይዤ አላውቅም።

አባ ተሰማ ካረፉ ቆይተዋል። ማሬ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሥራዋም አገሪቱ በዓመት ስንት ድንጋይ፣ ስንት አሸዋ፣ ስንት እንጨትና ነዳጅ እንደምትፈጅ መመዘን ነው። ማጭዱ ጠረጴዛዋ ላይ አለ። ሐሙስ ዕለት ከገበያው ደወልኩላት። «ሞሬ፣ እስቲ ቆዩ» አለችኝ፤ «ስለ አራተኛው ዓምድ እየተከራከርን ነው።» እንደ ጥንቱ ቆምኩና ጠበቅሁ። ስልኩ ውስጥ ድምጿ ይሰማኛል፤ ስታስረዳ መሬት አታይም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ካለው ሁሉ የቆየውን ዕቃ ፈልጉ፤ ማሰሮ ይሁን፣ ቁልፍ ይሁን፣ ቢላ ይሁን። በእጃችሁ መዝኑት፣ ቀጥሎ በሚዛን፣ ጻፉት። ከዚያ ጎኑ አንድ ዓምድ አሰምሩና የሠራውን፣ ወይም የሠራውን የሚያውቀውን ሰው፣ ዕቃው ሲሠራ ምን እንደበላ ጠይቁት። ሊናገር ቢያፍር ታገሡት፤ ጠርሙስ ሙሉለት፣ ጀርባው ላይ ጫኑለት፣ ‹ይብቃ› እስኪላችሁ ድረስ ጨምሩ። ቁጥሩ የማይታመን ሆኖ ቢወጣ አትሠርዙት። መጀመሪያ ማን እንደሠራው ጠይቁ።